ለቤት ሠራሽ ሲኤንሲ ፍሬዛ የትኛው ፓወር ሰፕላይ? ከዋቱ በፊት ቮልቱን ምረጥ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው። እንጨት የሚቀርጽ ትንሽ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ) ፍሬዛ በራሴ እየሠራሁ ነው። የሥራ ወለሉ 60 በ90 ሳንቲ ነው። አራት ኔማ 23 ስቴፐር ሞተር (በትንንሽ እርምጃ የሚዞር ሞተር) ገዝቻለሁ። ወረቀታቸው 3 አምፒር፣ 1 ኦም፣ 3.5 ሚሊሄንሪ ይላል። ሞተሮቹን የሚነዱት ድራይቨሮች ቲቢ6600 ናቸው። መቆጣጠሪያው አርዱይኖ ላይ የተጫነ ጂአርቢኤል የሚባል ሶፍትዌር ነው። ከአሮጌ ኮምፒውተር ያወጣሁት 500 ዋት ፓወር ሰፕላይ አለኝ፤ አንዱ ጓደኛዬ ይበቃሃል ይላል። ሌላው ‹አራት ጊዜ 3 አምፒር 12 ነው፣ 24 ቮልት 15 አምፒር ግዛ› ይለኛል። ሻጩ 48 ቮልት ካልሆነ አይሆንም ብሏል። ትራንስፎርመር አስጠቅልል ያለኝም አለ። ሞተሩ ሲሰላ የሚፈልገው 3 ቮልት ብቻ ነው። 36 ወይም 48 ቢገባበት አይቃጠልም? ባለ 48 ቮልት 500 ዋት ስፒንድሌንስ (መቁረጫውን የሚያዞረውን ሞተር) ከዚያው ላይ ላስነሳው እችላለሁ?»

ምላሽ፦ የኮምፒውተሩን ፓወር ሰፕላይ ተወው። 36 ቮልት፣ 350 ዋት አካባቢ የሆነ፣ ለሞተሮቹ ብቻ የሚውል ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ግዛ። ስፒንድሉን ከእሱ ጋር አታገናኘው። ምክንያቱን ልዘርዝር፤ የነገሩህ ሰዎች ሁሉም ከፊል እውነት ይዘዋልና።

ከሚያስፈራህ ነገር ልጀምር። 3 አምፒርን በ1 ኦም ስታባዛ 3 ቮልት ይመጣል። ስሌቱ ልክ ነው፤ የሚነግርህ ግን ቆሞ ላለ ሞተር የሚበቃውን ቮልት ነው። የምትጠቀምበት ድራይቨር ቮልቱን በቀጥታ ሞተሩ ላይ አይለቀውም። በሽቦው የሚሄደውን አምፒር እየለካ፣ ከወሰንክለት በላይ ሊያልፍ ሲል ይቆርጣል፤ ሲቀንስ መልሶ ይከፍታል። ይህን በሰከንድ በሺዎች ጊዜ ያደርጋል። ስለዚህ 36 ቮልት ብታስገባም ሞተሩ የሚያገኘው በድራይቨሩ ትንንሽ ስዊቾች የመረጥከውን አምፒር ነው። ሞተር የሚቃጠለው አምፒሩ ከልክ በላይ ሲመረጥ ነው። ቮልቱ ከልክ ካለፈ በአብዛኛው ቀድሞ የሚሞተው ድራይቨሩ ነው።

ታዲያ ትርፉ ቮልት ለምን ያስፈልጋል? የሞተሩ ጥቅል ሽቦ ኢንዳክተር ነው። አምፒሩ በአንዴ አይሞላም፤ ቀስ ብሎ ይወጣል። የሚገፋው ቮልት በበዛ ቁጥር ቶሎ ይሞላል። ያንተን ሞተር እንውሰድ። በ12 ቮልት ከዜሮ ተነስቶ 3 አምፒር ለመድረስ 1 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈልጋል። በ24 ቮልት 0.47፣ በ36 ቮልት 0.3፣ በ48 ቮልት 0.23 ሚሊሰከንድ። አሁን ሞተሩ በደቂቃ 300 ዙር ሲዞር አስብ። በዙር 200 ስቴፕ ስላለው በሰከንድ 1,000 ስቴፕ ይረግጣል ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ስቴፕ የሚደርሰው 1 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። በ12 ቮልት አምፒሩ ገና ሊሞላ ሲል ስቴፑ ያልቃል። ሲዞር ሞተሩ ራሱ የሚያመነጨውን ተቃራኒ ቮልት ስትጨምርበት ደግሞ ጭራሽ አይሞላም። ጉልበት የለውም፣ ስቴፕ ይስታል፣ የቀረጽከው ክብ እንቁላል ይሆናል። በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር የሚገፋ ቦል ስክሩ (ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ ጥርስ ያለው ዘንግ) ካለህ ይህ ሁሉ የሚሆነው በደቂቃ 1,500 ሚሊሜትር ላይ ነው። ለእንጨት ይህ ፍጥነት ብዙ አይደለም።

የኮምፒውተሩ ፓወር ሰፕላይ ችግር እዚህ ላይ ነው። 500 ዋቱ ለሞተሮችህ ከበቂ በላይ ነው፤ ቮልቱ ግን 12 ነው። አንዳንዱ ቢጫውን ሽቦ ከሰማያዊው ጋር፣ ማለትም ፕላስ 12ን ከማይነስ 12 ጋር ይዞ 24 አገኘሁ ይላል። ቴስተር ላይ 24 ያነባል፤ ነገር ግን የማይነሱ መስመር ከ1 አምፒር በታች ነው የሚሰጠው። ሞተር ሲጫነው ይወድቃል። ሁለት የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ በተከታታይ ማገናኘትም የሚወራ ነገር ነው። የሁለቱም ማይነስ ከብረት ቀፎው ጋር፣ ቀፎው ደግሞ ከመሬት ሽቦው ጋር የተያያዘ ስለሆነ ሾርት ትፈጥራለህ። ይህን ለማለፍ ብለው የመሬቱን ሽቦ የሚቆርጡ አሉ። በፍጹም እንዳታደርገው። 220 ቮልት ቀፎው ላይ ቢያርፍ የሚያድንህ ያ ሽቦ ነው።

ስለ አምፒሩ ድምር። ጓደኛህ አራት ጊዜ ሦስት 12 ያለው አስቦልህ ነው፤ ግን የሞተሩ አምፒርና ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣው አምፒር አንድ አይደሉም። ቆሞ የያዘ ሞተርህ የሚበላው 9 ዋት አካባቢ ነው፤ ለዚያ ከ36 ቮልት ላይ ሩብ አምፒር ይበቃል። ጠንክሮ ሲሠራ ይጨምራል። በሙያው የሚሠራበት ግምት የአንዱን ሞተር አምፒር ሁለት ሦስተኛ ወስዶ በሞተሮቹ ብዛት ማባዛት ነው። ለአራቱ 8 አምፒር ይመጣል። እሱም ሁሉም በአንድ ጊዜ ሙሉ ጭነት ላይ ከሆኑ ነው፤ በፍሬዛ ላይ ይህ አይታይም ማለት ይቻላል። ባለ 36 ቮልት 350 ዋት ወደ 9.7 አምፒር ይሰጣል። ይበቃሃል፣ ይተርፍሃልም።

አሁን 24፣ 36 ወይስ 48? አምራቾች ለረጅም ጊዜ የተጠቀሙበት አንድ ቀላል ቀመር አለ። የሞተሩን ሚሊሄንሪ ስኩዌር ሩት ወስደህ በ32 ታባዛዋለህ። የ3.5 ሩት 1.87 ነው፤ በ32 ሲባዛ 60 ቮልት ይሆናል። ይህ ጣሪያው ነው። ከዚያ ካለፍክ ሞተሩ ፍጥነት ሳይጨምር ያለ ጥቅም ይግላል። እና በሞተሩ በኩል ካየነው ሻጩ ልክ ነው፤ 48 ቮልት ሞተርህን አይጎዳውም። ግን ድራይቨርህን ረስቶታል። የቲቢ6600 የሥራ ወሰን 42 ቮልት ነው። በዚያ ላይ በዚህ ስም ከሚሸጡት ብዙዎቹ ውስጣቸው ሌላ ቺፕ ነው ያለው፤ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን 4 አምፒር ለረጅም ሰዓት ሲሸከሙም አይታዩም። እነሱ ላይ 48 ቮልት ማስገባት ማቃጠል ነው።

ከዲጂታል ድራይቨሮቹ ዲኤም542 እስከ 50 ቮልት ይቀበላል። እሱ ላይም 48 ቮልት ስታስገባ የሚቀርህ ክፍተት 2 ቮልት ብቻ ነው። ከባዱ የማሽን ክንድ በፍጥነት ሄዶ ድንገት ሲቆም ሞተሩ ለቅጽበት ጄኔሬተር ይሆናል። የሚያመነጨው ኃይል በድራይቨሩ በኩል ተመልሶ ወደ ፓወር ሰፕላዩ ይሄዳል፤ መስመሩ ላይ ያለውም ቮልት ይነሳል። ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ ይህን መልሶ የመዋጥ ችሎታው ትንሽ ነው። ወይ የራሱ መከላከያ ይዘጋዋል፣ ወይ ድራይቨሩ ይሄዳል። ማሽኑ «ያለ ምክንያት» መሐል ላይ ጠፋ ሲባል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ነው። 36 ቮልት ላይ ከሆንክ እስከ 42 ድረስ 6 ቮልት መተንፈሻ አለህ። ከ24 ደግሞ በግልጽ ይፈጥናል። ለዚህ ነው 36 የምልህ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ቮልቱን ከፍና ዝቅ የምታደርግበት ትንሽ ብሎን አለች። ወደ 40 ልግፋው አትበል። እንዲያውም 36 መሆኑን በቴስተር አረጋግጠህ ተዋት።

24 ቮልት ብቻ ካገኘህስ? ማሽኑ ይሠራል። የፍጥነቱን ጣሪያ ጂአርቢኤል ላይ ዝቅ ታደርገዋለህ፣ አክሰለሬሽኑንም ትቀንሳለህ። ተማሪ ብትሆንና እጅህ ላይ ነጻ 24 ቮልት ቢኖር በእሱ ጀምር እልህ ነበር። ገንዘብ አውጥተህ ልትገዛ ከሆነ ግን 24 አትግዛ።

ትራንስፎርመር ማስጠቅለል መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ትራንስፎርመር፣ ድልድይ ዳዮድና ትልቅ ካፓሲተር ለስቴፐር የተመቸ ጥምረት ነው። ሞተሩ ሲቆም የሚመልሰውን ኃይል ካፓሲተሩ ይውጠዋል። ቢበላሽም ሰፈር ውስጥ ይጠገናል። ችግሩ ቮልቱን የሚያረጋጋ ነገር የሌለው መሆኑ ነው። ከቆጣሪው የሚመጣው ሲወጣና ሲወርድ አብሮት ይወጣል፣ ይወርዳል። ለምሳሌ 28 ቮልት ኤሲ ብታስጠቀልል፣ ካፓሲተሩ ላይ 38 ቮልት ዲሲ ታገኛለህ። መብራቱ ከ220 ወደ 245 ከፍ ካለ ያው 38 ወደ 43 ይጠጋል። ድራይቨርህን አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ መንገድ ከሄድክ 24 ቮልት ኤሲ፣ 300 ቪኤ ያህል አስጠቅልል። ዲሲው 32 አካባቢ ይሆናል፤ መብራቱ 245 ቢደርስም ከ37 አያልፍም። ባለ 35 አምፒር ድልድይ ዳዮድ ብረት ላይ እሰር። 15,000 ማይክሮፋራድ፣ 63 ቮልት ካፓሲተር አድርግ። ከካፓሲተሩ ጎን ለጎንም መብራቱ ሲጠፋ የሚያራግፈው ሬዚስተር ግጠምለት። ጥሩ ጠቅላይ የምታውቅ ከሆነ ይህ የሚከበር አማራጭ ነው። ካላወቅህ ስዊቺንጉን ግዛ።

ስዊቺንጉን ስትገዛ መጀመሪያ የምታየው ጎኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀይ ስዊች ነው። የሚን ዌል ኤልአርኤስ-350-36ም ሆነ ብዙዎቹ አስመሳዮቹ 115 ወይም 230 የሚል መምረጫ አላቸው። 115 ላይ ሆኖ 220 ቮልት ከተሰካ በቅጽበት ይፈነዳል። አሜሪካ ያለ ዘመድ የላከልህ ከሆነ ደግሞ እጥፍ ተጠንቀቅ፤ እዚያ ሲሞከር 115 ላይ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። 110 ብቻ የሚቀበል ሆኖም ሊመጣ ይችላል። ሳትሰካው መለያውን አንብብ። በ230 ቦታው ላይ ይህ ዓይነቱ ከ180 እስከ 264 ቮልት ድረስ ይቀበላል፤ ለእኛ መስመር ከትራንስፎርመሩ የሚበልጥበት ትልቁ ነጥብ ይህ ነው። ማታ ማታ መብራቱ ከ180 በታች የሚወርድበት ሰፈር ከሆነ ከፊቱ ስታቢላይዘር አድርግለት።

ስለ አየሩም አንድ ነገር ልበል። አምራቾቹ ከ2,000 ሜትር በላይ ማራገቢያ ላለው ፓወር ሰፕላይ ለየ1,000 ሜትሩ 5 ዲግሪ ሙቀት ቀንስ ይላሉ፤ ስስ አየር በደንብ አያቀዘቅዝምና። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። ብርዱ ግን ያካክሰዋል። የሚያሳስበኝ የእንጨት ብናኝ ነው። ማራገቢያው ብናኙን ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ ተከማችቶ ሲግል እሳት ሊያነሳ ይችላል። ፓወር ሰፕላዩንና ድራይቨሮቹን በብረት ሳጥን ውስጥ አድርግ። መግቢያው ላይ የሚታጠብ ማጣሪያ ስፖንጅ አድርግ፤ መውጫ ቀዳዳም አትርሳ።

ስፒንድሉ። 500 ዋት በ48 ቮልት ማለት ከ10 አምፒር በላይ ነው፤ ሲነሳ ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ከሞተሮቹ ጋር አንድ ላይ ብታስረው በተነሳ ቁጥር ቮልቱን ይጎትተዋል፣ ስቴፐሮቹም ስቴፕ ይስታሉ። የካርቦን ብሩሹ የሚረጨው ረብሻም አርዱይኖውን ያሳብደዋል። ደግሞም ቮልታቸው አይገጥምም። የራሱ 48 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ይኑረው። ገና ካልገዛኸው ግን ምክሬ ሌላ ነው። ለእንጨት ባለ 220 ቮልት የእጅ ትሪመር ግዛና ማሽኑ ላይ እሰረው። ከሶኬት በቀጥታ ይሠራል፤ አንድ ፓወር ሰፕላይ ቀነስክ ማለት ነው። የድምፁ ነገር ግን ይከብዳል፣ ለጎረቤት አስብ።

እዚህ ላይ በደንብ እንድታነበኝ እፈልጋለሁ፤ ከፓወር ሰፕላይ ምርጫው በላይ የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። መብራት ይሄዳል። ማሽኑ ይቆማል። አንተ ምን ያህል እንደተቀረጸ ለማየት ትጠጋለህ፣ ቢቱን (መቁረጫውን) ለመፍታት እጅህን ታስገባለህ። መብራቱ ሲመለስ ትሪመሩ ስዊቹ ክፍት ስለሆነ በሙሉ ፍጥነቱ፣ በደቂቃ ከ20,000 ዙር በላይ ሊዞር ይነሳል። ጣት ይወስዳል። ስለዚህ የማሽኑን ዋና መስመር፣ ስፒንድሉንም ፓወር ሰፕላዩንም፣ በኮንታክተር (በኤሌክትሪክ ኃይል የሚያዝ ትልቅ ስዊች) አሳልፈው። አረንጓዴ ማስነሻ፣ ቀይ ማቆሚያ፣ በተከታታይ ደግሞ ትልቁ የእንጉዳይ ቅርጽ ያለው የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ። መብራት ሲሄድ ኮንታክተሩ ይለቃል፤ ሲመለስም አንተ አረንጓዴውን እስክትጫን አይነሳም። ቶርኖ ቤት ያሉ ማሽኖች በአብዛኛው የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። ቤት የተሠራ ማሽንም ከዚያ ያነሰ ነገር አይገባውም። ይህን ሳታደርግ ማሽኑን እንዳትጀምር።

ዩፒኤስ ሥራውን ያድንልኛል ብለህም አትጠብቅ። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፤ ስፒንድሉና ሞተሮቹ ግን በተራ የኮምፒውተር ዩፒኤስ አይያዙም። መብራት ሲሄድ ስቴፐሮቹ ቦታቸውን ይረሳሉ። መድኃኒቱ የሆም ስዊች፣ ማለትም ማሽኑ የመነሻ ነጥቡን የሚያገኝበት ስዊች ነው። በየዘንጉ አንድ አድርግ። መብራት ሲመለስ ማሽኑን ሆም አድርገህ ከቆመበት መስመር ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሰህ ትቀጥላለህ።

የመሬት ሽቦ ጉዳይ አይዘለልም። ብዙ ቤት ሶኬቱ ባለ ሦስት ቢሆንም ከኋላው ሦስተኛ ሽቦ የለም። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያሉት የረብሻ ማጣሪያ ካፓሲተሮች ቀፎውን ወደ 110 ቮልት ያህል ከፍ ያደርጉታል፤ ማሽኑን ስትነካ የሚነዝርህ እሱ ነው። አምፒሩ ጥቂት ስለሆነ በራሱ አይገድልም። ግን የመሬት ሽቦ እንደሌለህ የሚነግርህ ምልክት ነው፤ አንድ ቀን እውነተኛ ብልሽት ሲመጣ የሚከላከልልህ የለም። ኤሌክትሪሻን አስጠርተህ መሬት ዘንግ አስመታ። ከዚያ የፓወር ሰፕላዩን ቀፎ፣ ሳጥኑንና የማሽኑን አካል በአንድ ነጥብ ላይ እሰራቸው።

ሽቦውን በተመለከተ ከፓወር ሰፕላዩ ለእያንዳንዱ ድራይቨር የየራሱን ጥንድ ሽቦ ሳብ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እየዘለልክ አታያይዝ። 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ይበቃል። በየመስመሩ ባለ 5 አምፒር ፊውዝ አድርግ። አርዱይኖውን ከ36 ቮልቱ አታብላው፤ በዩኤስቢ ወይም በራሱ አስማሚ ይነሳ። ማብሪያ ማጥፊያውን በ220ው በኩል አድርገው እንጂ በ36ቱ በኩል አታድርገው። መብራት እያለ የሞተር ሽቦ ከድራይቨር ነቅለህ እንዳትሞክር፤ በዚያች ብልጭታ ድራይቨሩ ያልቃል። ፓወር ሰፕላዩን ነቅለኸውም ቢሆን ክዳኑን አትክፈተው፤ ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች 310 ቮልት ያህል ይዘው ይቆያሉ።

መጀመሪያ ስትሞክረው በዚህ ቅደም ተከተል ሂድ። ቀዩን ስዊች 230 ላይ አድርግ። ምንም ሳታያይዝ ፓወር ሰፕላዩን ብቻ ሰካ፣ መውጫውን ለካ፣ 36 አድርገው። ንቀለው። አንድ ድራይቨርና አንድ ሞተር ብቻ አገናኝ፤ ፕላስና ማይነሱን ሁለቴ አይተህ። ገልብጠህ ካገናኘኸው ሁለተኛ ዕድል የለውም። የድራይቨሩን አምፒር መጀመሪያ 2 ላይ አድርገህ አዙረው። ሞተሩ በእጅ ለአፍታ የሚያዝ ሙቀት ካለው ጤነኛ ነው፤ ስቴፐር መሞቁ ባሕርዩ ነው። ጉልበት ካነሰው ወደ 2.5 ከፍ አድርገው፣ የድራይቨሩንም ሙቀት ተከታተል። በዚህ ድራይቨር ከ2.5 በላይ እንድትሄድ አልመክርህም። አራቱም ለየብቻ ከተሞከሩ በኋላ አንድ ላይ አገናኛቸውና ስፒንድሉ ሳይነሳ፣ ቢት ሳይታሰር፣ ለግማሽ ሰዓት ያህል አየር ላይ ፈጣን ፕሮግራም አስኪድ። ከዚያ ወደ ሆም መልሰው። ከመነሻው ነጥብ ፈቀቅ ካለ ስቴፕ እየሳተ ነው፤ አክሰለሬሽኑን በ20 በመቶ ቀንስና እንደገና አስኪደው።